ሁለተኛ ምስክር

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል አንድ አዲስ መዝገብ ይዞ መጣ። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ የተማሪዎች ውጤት የሚሞላበት ዓይነት ነበር። ርእሰ መምህሩ ለመታሰቢያ ይሁንዎ ብሎ ሰጥቶታል። ያን ያህል ዘመን ላስተማረበት ሌላ ስጦታ አልተሰጠውም፤ እሱም አልጠበቀም። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ጠረገውና፣ "አሁን ሥራ ልጀምር ነው" አለኝ።

ሥራ ያለው የአገሩን ታሪክ መጻፍ ነበር። አገር ስል ትልቁን አገር ማለቴ አይደለም። ከሞላሌ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን ቀበሌያችንን ማለቴ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ የጋራ የሣር መሬታችን እስከሆነው ጓሳ ጫፍ ያለውን። መሬቱን ማን አቀናው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማን ተከለው፣ የጓሳው ሣር ስንት ዓመት ተከልክሎ በማን ቃል ይከፈት ነበር፣ ማን ሹም ነበር፣ ማን ከማን ተወለደ። እሱ ከሌላ ወረዳ፣ ከቀየት የመጣ ሰው ስለሆነ ይህን ሁሉ ከሰው አፍ ካልሰማ አያውቀውም። "በየቀብሩ እቆማለሁ፤ የሚቀበረው ሰው ምን እንደሚያውቅ ሳልጠይቀው አፈር ይለብሳል" ይል ነበር። ልጅ አልነበረንም። ጊዜ ነበረው።

እኔ የዚያው ቀዬ ተወላጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብረ ብርሃን ጨርሼ ውጤቴ ወደ ላይ ስላላሳለፈኝ ተመልሼ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ይባል ነበር። ስለዚህ እሱ በየቤቱ እየዞረ በደብተር የሚጭረውን ማታ ማታ አብረን እናነበዋለን፤ በማግስቱ እኔ ወደ መዝገቡ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ።

አንድ ደንብ ነበረው። በአንድ ሰው ቃል ብቻ ታሪክ አይጻፍም ይላል። አንዱ የነገረውን ሌላ ሰው ካጸናለት የተማሪ ደብተር ሲያርምበት በኖረው ቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግና "የተረጋገጠ" ብሎ ይጽፍበታል፤ የሁለተኛው ምስክር ማንነትም ከሥሩ ይገባል። ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ ወይም ከተቃወመ ቀይ ክብ ያደርግበትና "አልተረጋገጠም" ይላል። በዚህ ደንብ የሚቀልድ ሰው አይወድም ነበር።

አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። የሄድንባቸው ሽማግሌ ገና መዝገቡን ሲያዩ የሱፍ ባናቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተቀመጡ።

"ጻፍ እንግዲህ መምህር። አባቴ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ምስለኔ ነበር።"

ሚስታቸው ከጓዳ "ኧረ በእመቤቴ!" አሉ።

"አንቺ ሴትዮ ዝም በይ፤ ጽሕፈት ላይ ነን።"

"ምን ዝም እላለሁ? አማቴን አላውቃቸውምና ነው? በአህያ ጨው ሲያመላልሱ አይደል የኖሩት?"

"ጨዉ የመንግሥት ነበር!"

"የመንግሥት ጨው! አህያውስ? እሱም የመንግሥት ነበር?"

ባለቤቴ ሳቁን በእጁ ሸፍኖ ጻፈ። ቤት ስንገባ በቀይ አከበበውና እንዲህ አለኝ፦ "ጻፊ፤ አልተረጋገጠም፣ ባለቤታቸው አይደለም ይላሉ።" ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ሚስታቸውን አኩርፈው ሰነበቱ አሉ።

ሽማግሌው ብቻቸውን አልነበሩም። በእኛ አገር ሰው ስለ አባቱ ሲጠየቅ ዝቅ አድርጎ አይናገርም። ባላገሩ ራሱን እንጂ አባቱን ትሑት ማድረግ አያውቅበትም። መዝገቡ እየሞላ ሲሄድ ቀበሌያችን በሙሉ ሹም ሆነ። አንዱ ጭቃ ሹም፣ አንዱ ምስለኔ፣ አንዱ የሹም አማች። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወስዶ አሳያቸው፤ በስቴንስል እንኳ እንዲያባዙለት ነበር። እዚያ የነበረው ወጣት ሁለት ሦስት ገጽ ገልጦ፣ "መምህር፣ ይኼ የገዢዎች ታሪክ ነው፤ ጭቁኑ ሕዝብ የታለ?" አለው። ሲመለስ፣ "ልጁ ውሸት አልተናገረም" አለኝ። "ሁሉም ሹም ነበርኩ ካለ እኔ ገባር ከየት ላምጣ?"

አባቴን የጠየቀው በዚያው ዓመት ነው።

አባቴ ታመው መደብ ላይ ተኝተው ነበር። ወንድሜ ከእሳቸው ጋር ይኖር ስለነበር ያረሰውም የጦራቸውም እሱ ነው። ባለቤቴ መዝገቡን ሲገልጥ አባቴ ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ወንድሜ ከጀርባቸው ደገፋቸው።

"አባቴ በዚህ አገር ሰባት ዓመት ጭቃ ሹም ነበር" አሉ። "ግብር የሚሰበስበውም፣ ዳኝነት የሚያየውም እሱ ነበር። ቃሉ አይመለስም ነበር።"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ አየሁ። ሁለታችንም ያደግነው በሴት አያታችን እጅ ነው። እሳቸው ደግሞ ባላቸው የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠባቂ እንደነበሩ ደብቀውን አያውቁም። ሰባት ዓመት ሣር እያጨዱ፣ ጀርባዋን እያሹ፣ ከበቅሎዋ ጋር ጋጣ አድረዋል። በቅሎዋ ስትሞት አለቀሱ ብለው ይስቁባቸው ነበር። ሰባቱ ዓመት ልክ ነው። ሹመቱ ግን የሌላ ሰው ነው።

ማታ ባለቤቴ እስክሪብቶውን ይዞ፣ "ይህን የሚያጸና ማን አለ?" አለኝ።

"እኩዮቻቸው አልቀዋል።"

"አንቺ ከአያትሽ ጋር አድገሻል። ጭቃ ሹም እንደነበሩ ሰምተሻል?"

በደብተሩ ላይ የአባቴን ቃል አየሁት። አባቴ ብዙ የሚኖሩ አይመስሉም ነበር። አንድ መስመር ነው፤ ማንን ይጎዳል አልኩ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ጭቃ ሹም የሚለውን ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እኔን የማያምንበት ምክንያት አልነበረውም። ቀዩን ምልክት አደረገ። በማግስቱ በራሴ እጅ "የተረጋገጠ። ሁለተኛ ምስክር፦ ልጃቸው" ብዬ ገለበጥኩ። አባቴ በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት አለፈ። መዝገቡን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማረው ልጅ ነው። ቆሞ ጠላውን ጠጣና፣ "መምህር፣ ያንን የታሪክ መዝገብዎን ኮሚቴው ሊያየው ይፈልጋል" አለ።

"ኮሚቴው? ለምን?"

"ታሪካችንን ማወቅ አለብን እኮ!"

ባለቤቴ ካፖርቱን ለበሰ። መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ለልጁም አልሰጥም ብሎ፣ ራሱ ተሸክሞ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ሲመለስ ቀና ብሎ ነበር የሚራመደው። "ሳያሳትሙት አይቀሩም" አለኝ። ያን ሳምንት ምግብ እንኳ በደንብ በላ።

መሬት እንደገና ይደለደላል መባሉን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ግን የእኛ ቀበሌ ኮሚቴ ከማን ተቀንሶ ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን፣ የድሮ ሹማምንት ዘር የሆነውን "ፊውዳል" ብሎ አራት ጥማድ ብቻ ሊተውለት፣ የቀረውን ሊወስድበት ነበር። ማን የሹም ዘር እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በየቤቱ መዞር አላስፈለጋቸውም። አንድ ሰው አስቀድሞ ዞሮላቸዋል። ቀይ ምልክት ያለበትን እየመረጡ መገልበጥ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ከስብሰባው በፊት በነበረው ጠዋት መጣ። አልቀመጥም ብሎ ደጃፍ ላይ ቆመ።

"እታለም፣ ስሜ ከፊውዳሎቹ ጋር ነው አሉኝ። የወንዝ ዳሩን ሊወስዱብኝ ነው።"

የወንዝ ዳሩ ውርጭ የማይመታው፣ ገብሱ ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ የሚያሸት መሬት ነው። የቀረው አፋፍ ላይ ያለ ድንጋያማ ነው። አምስት ልጆች ነበሩት።

"እኔ እናገራለሁ" አልኩት።

"እኔማ አልችልም። ወንድ ልጁ ነኝ። በአደባባይ አባቴ ዋሽቷል ካልኩ ከነገ ጀምሮ የማን ልጅ እባላለሁ? አንቺ ግን የጻፍሽውም አንቺው ነሽ። አያቴ በቅሎ ጠባቂ ነበር በይ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።"

"እላለሁ አልኩህ።"

"በአባታችን አፅም ማይልኝ።"

"ለዚህ ደግሞ መሐላ ምን ያደርጋል?" አልኩት። ለባለቤቴ የዚያን ዕለት እውነቱን ነገርኩት። "ሁለተኛ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር" አለ። ሌላ ወቀሳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ስብሰባው የተደረገው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ሰው በሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶች በስተግራ። ጸሐፊው መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያነባል። ዐረፍተ ነገሮቹ የባለቤቴ ናቸው፤ ቃል በቃል። የወንድሜ ተራ ሲደርስ የአባታችንን ቃል አውጥቶ፣ "አባታቸው በዚህ አገር ሰባት ዓመት ጭቃ ሹም ነበሩ። የተረጋገጠ" ብሎ አነበበ።

ባለቤቴ ተነሣ።

"ልጄ፣ ይኼ የሽማግሌ ጨዋታ ነው። ሰው አባቱን ሲያነሣ ከፍ አድርጎ ነው የሚያነሣው። ይህን የመሬት ማስረጃ ማድረግ ነውር ነው።"

"መምህር፣ የተረጋገጠ ብሎ የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ እኛ ምን አጠፋን? ሳታረጋግጡ አትጻፉ እያሉ የገረፉን እርስዎ አይደሉ?"

ሰው ሳቀ። ባለቤቴ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ባስተማረበት ሜዳ ላይ ሲሳቅበት ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

"ሁለተኛ ምስክር ልጃቸው ይላል" አለ ጸሐፊው። "እትዬ፣ እስቲ ይነሡ።"

ተነሣሁ። ዐረፍተ ነገሩን ከጠዋት ጀምሬ በአፌ ይዤው ነበር። አያቴ የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ። ያ ነው፤ አጭር ነው። ፊት ለፊቴ የአባቴ የነፍስ አባት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አባቴ ሲቀበሩ አልጋውን የተሸከሙት ሰዎች አሉ።

"አባትዎ የተናገሩት ሐሰት ነው ይላሉ?"

እኔ የያዝኩት መልስ ለዚህ ጥያቄ አልነበረም። ስለ አያቴ እጠየቃለሁ ብዬ ነበር። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"እትዬ፣ አባትዎ ዋሽተዋል ነው የሚሉን?"

"አባቴ ዋሽተው አያውቁም" አልኩ።

ተቀመጥኩ። ጸሐፊው በወንድሜ ስም አንጻር ጻፈና ገጹን ገለጠ።

ከእኛ ቀጥሎ የተነበቡት እኒያ የምስለኔ ልጅ ነኝ ያሉት ሽማግሌ ነበሩ። "አልተረጋገጠም፤ ባለቤታቸው አይደለም ይላሉ" የሚለው ሲነበብ ሰው እንደገና ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መሬታቸው አልተነካም። በኋላ በየማኅበሩ፣ "ሠላሳ ዓመት ያቃጠለኝ ምላስ ነው ያተረፈኝ" እያሉ ያወሩ ነበር።

ወንድሜ ሜዳው በር ላይ ጠበቀኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

"እታለም" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የሞተውን አዳንሽው።"

ከዚያ ወዲህ እታለም ብሎኝ አያውቅም።

መዝገቡ ከወር በኋላ ተመለሰ። ሽፋኑ ላይ የቀበሌው ማኅተም ተመትቶበታል። ለባለቤቴ ሥራ የተሰጠው እውቅና ያ ማኅተም ነው።

እሱ ግን ገና አላበቃም ነበር። አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቶ እንደገና በየቤቱ መዞር ጀመረ። የተኩራሩበትን አውጥቶ እውነቱን ሊያስተካክል ነው። በሩን የዘጋበት ሰው አልነበረም፤ የእኛ አገር ሰው በር አይዘጋም። ያስቀምጡታል፤ ቆሎ ያቀርቡለታል፤ ጠላ ይቀዱለታል። እስክሪብቶውን ሲያወጣ ዝም ይላሉ። አንዱ፣ "መምህር፣ አባቴን አላውቀውም፤ አላውቀውም ብለህ ጻፍ" አለው። ሌላው፣ "እኔ ከድንጋይ ነው የተወለድኩ፤ ሁለተኛ ምስክር ከፈለግህ ድንጋዩ ያውልህ" አለው። እሱም እንደ ደንቡ የተባለውን ጻፈ። ያ ደብተር አሁንም አለ። በየገጹ የሰው ስም፣ ከፊቱ "አላውቅም አሉ" ይላል። ሠላሳ ምናምን ገጽ ነው። እንዲገለበጥ አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጭራሽ አናውቅም ያሉት ሽማግሌዎች በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ሞቱ። የጓሳውን አዘጋግና አከፋፈት በደንብ ያውቁ የነበሩት የመጨረሻው ሰው ሲቀበሩ ባለቤቴ ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቀብራቸው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ እሱም መጻፉን ተወ። ሲሞት ወንድሜ መጣ። አልጋውን ከፊት ተሸከመ፤ አፈር አለበሰ፤ ንፍሮውን ሳይቀምስ ሄደ። እኔን በወጉ አጽናናኝ፤ እንደ ማንኛውም ሰው።

ወንድሜ ያን ድንጋያማ መሬት እስከ መጨረሻው አረሰው። ውርጭ በመታበት ዓመት ሁሉ ወደ ቆላ ወርዶ ለሰው ያጭድ ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቶም ጭምር። የወንዝ ዳሩ ለሁለት ወጣቶች ተከፍሎ ነበር። ወደ ገበያ ሲሄድ በዚያ የሚያልፈውን መንገድ ትቶ በዳገቱ ይዞር እንደነበር ሚስቱ ነገረችኝ። ለፋሲካ የምልክለትን ይቀበላል፤ ቤቴ ግን አልገባም። ልጆቹን አልከለከላቸውም። እነሱ ይመጡ ነበር።

ከዓመታት በኋላ እሱም ሞተ። የመጨረሻው ልጁ ተምሮ ከተማ ውስጥ ይሠራል። ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ደረሰና በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

"እትዬ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እርስዎ ይጻፉልን። ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም።"

"እጽፋለሁ።"

"ቅድመ አያታችን ጭቃ ሹም እንደነበሩ ይግባበት። መዝገቡ ላይ አለ አይደል? መምህር አረጋግጠውታል።"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። መሬቱ ሲወሰድ ሕፃን ነበር። ዘመኑ ደግሞ ተመልሶ ሰው በዘሩ መኩራት የጀመረበት ነው። "ጭቃ ሹም አልነበሩም፤ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ" አልኩት። ሐዘን ያደከመኝ መስሎት በርኅራኄ አየኝና፣ "ይሁን፣ እርስዎ እንዳወቁ" ብሎ ወጣ።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። የተወለደበትን፣ አባታችንን እንደ ጦረ፣ አምስት ልጅ እንዳሳደገ። ስለ መሬቱ አልጻፍኩም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለ አያታችን ግን፣ "አያታቸው የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ" ብዬ ጻፍኩ። ጥርት ባለ ጽሕፈት ነው የጻፍኩት፤ ሊሳሳት የሚችል ሰው የለም። ያን ቀን ሜዳው ላይ በአፌ የያዝኩት ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ የወንድሜ ድምፅ ነው። አነበበ፣ አነበበ፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ትንሽ ዐረፈ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ "አያታቸው በአካባቢው የታወቁ ጭቃ ሹም ነበሩ" አለና ሳይደናቀፍ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።

አጠገቤ እኒያ ምላሰኛዋ ሴትዮ ተቀምጠው ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው።

"ኧረ በእመቤቴ!" አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። "የናንተ አያት በቅሎ ጠባቂ አልነበሩም እንዴ?"

"ነበሩ" አልኳቸው።

ከእሳቸው በቀር የሰማ አልነበረም።

ሐዘንተኛው ሲበተን ቤት ገብቼ መዝገቡን አወረድኩ። ገጹን ማግኘት አላስቸገረኝም። የባለቤቴን ቀይ ምልክት ሰረዝኩና አጠገቡ ጻፍኩ፦ "አልተረጋገጠም። ልጃቸው አይደለም ትላለች።" የጻፍኩት በሰማያዊ ነው። ቀዩ እስክሪብቶ ከደረቀ ቆይቷል።